«ጊዜ የለኝም» ያላለው የፖስታ ቤት ሰራተኛ፦ አንቶኒ ትሮሎፕ

ብዙዎቻችን ስልካችን ውስጥ አንድ ያልተጨረሰ ድርሰት አለ። ግማሽ ገጽ ግጥም ወይ የአንድ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይሆናል፣ ከዛ ዝም። ለምን ቆመ ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን ያው ነው፤ ስራ አለ፣ ትምህርት አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ማታ ደግሞ ድካም አለ። ጊዜ ሲገኝ እንጨርሰዋለን።

ዛሬ የምናወራላችሁ ሰው 33 ዓመት ሙሉ የመንግስት ተቀጣሪ ነበር። ፖስታ ቤት ነው የሰራው። ያውም እንዲሁ ፈርሞ የሚወጣ አልነበረም፣ በፈረስ፣ በባቡርና በመርከብ ሲዞር የኖረ ሰራተኛ ነው። በዚህ መሃል ግን በእንግሊዝኛ ስነ ጽሑፍ ስማቸው ከሚጠራ ደራሲዎች አንዱ ሆነ። ሲሞት 47 ልብ ወለድ ትቶ ነው የሄደው። ስሙ አንቶኒ ትሮሎፕ ይባላል። (ከታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተናቀው ልጅ

አንቶኒ ለንደን ውስጥ በ1815 ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበር፤ ግን ቁጡ ስለነበር ደንበኞቹ አንድ በአንድ ሸሹት። ከጥብቅናው ወደ እርሻ ዞረ፣ እርሻውም ከሰረ። የቤቱ ኑሮ እያደር ወደ ታች ሄደ።

የሚገርመው ግን ልጁን የሚያስተምሩት የሀብታም ልጆች በሚማሩበት ሃሮው በሚባል ትምህርት ቤት ነበር። አንቶኒ አዳሪ አልነበረም፤ ከቤት እየተመላለሰ በጭቃ መንገድ በእግሩ ይሄዳል፣ ጫማውና ልብሱ ቆሽሾ ክፍል ይገባል። ልጆቹ ያፌዙበታል፣ መምህራኑም ይጠየፉታል። በኋላ ዊንቸስተር የሚባል ሌላ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ ክፍያው ስላልተከፈለለት ተማሪው ሁሉ ወሬውን ሰማ። የሚያጫውተው ጓደኛ አልነበረውም። ታዲያ ብቸኛ ልጅ ምን ያደርጋል? በሃሳቡ ታሪክ መፍጠር ጀመረ። አንዱን ታሪክ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በጭንቅላቱ ይዞት ይዞራል። የማይሆን ተዓምር አያስገባበትም፣ በእውነት ሊሆን የሚችለውን ብቻ ነው የሚያስበው። ይህ የቀን ህልም በኋላ እንጀራው እንደሚሆን ያኔ አላወቀም።

እናቲቱ

የአንቶኒን ነገር ለመረዳት እናቱን ማወቅ ግድ ነው። ፍራንሰስ ትሮሎፕ ትባላለች። ቤተሰቡ ሲደኸይ ገንዘብ ፍለጋ በ1827 ወደ አሜሪካ ሄደች። ሲንሲናቲ ከተማ ላይ የንግድ ቤት አቋቁማ ከሰረች። ባዶ እጇን ተመለሰች ማለት ግን አይቻልም፤ ያየችውን ጽፋ ይዛ መጣች። በ1832 ስለ አሜሪካውያን አኗኗር የጻፈችው መጽሐፍ ታትሞ ስሟ ገነነ። የመጀመሪያ መጽሐፏ ነበር፣ እድሜዋ ደግሞ ከ50 አልፏል።

በ1834 የአባትየው ዕዳ ቤተሰቡን አሳደደው። ቤልጅየም ውስጥ ብሩዥ ወደምትባል ከተማ ሸሹ። እዛም መከራው አልለቀቃቸውም። ታላቅ ወንድሙ ሄንሪ በሳንባ ነቀርሳ እየሞተ ነው፣ አባትየውም ታመዋል። እናትየው ቀን በሽተኞቿን ታስታምማለች፣ ሌሊት ቡናዋን ይዛ ተቀምጣ ትጽፋለች። የምትጽፈው ደግሞ ሰው የሚያዝናና ልብ ወለድ ነው፤ የቤቱ ቀለብ የሚገዛው በሱ ነዋ። ሄንሪ በዛው ዓመት መጨረሻ ሞተ፣ አባትየው በ1835፣ እህቱ ኤሚሊ በ1836 ተከተሉ። እሷ ግን መጻፏን አላቋረጠችም። እስከ ህይወቷ ፍጻሜ ከ100 በላይ ጥራዝ አሳትማለች።

አንቶኒ ከእናቱ የተማረው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ ለመጻፍ የተመቻቸ ቀን አይጠበቅም።

አርፋጁ የቢሮ ጸሐፊ

በ1834፣ ገና በ19 ዓመቱ፣ በዘመድ ወዳጅ በኩል ለንደን ዋናው ፖስታ ቤት ተቀጠረ። ደመወዙ በዓመት 90 ፓውንድ ነበር። እውነቱን ለመናገር መጥፎ ሰራተኛ ነበር። ያረፍዳል፣ ከአለቆቹ ጋር ይጣላል፣ ሊባረርም ጫፍ ደርሶ ያውቃል። ዕዳም ውስጥ ገባ። ለልብስ ሰፊ ያልከፈላት የ12 ፓውንድ ሂሳብ አራጣ አበዳሪ እጅ ወደቀች፤ እሷ ነገር ስትወልድ ስትዋለድ በመጨረሻ ከ200 ፓውንድ በላይ አስከፈለችው። አበዳሪው ቢሮው ድረስ እየመጣ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

ሰባት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። ደራሲ የመሆን ሃሳብ በልቡ ነበረ፣ ግን አንድ ገጽ ልብ ወለድ እንኳን አልጻፈም። በኋላ ራሱን ከምንም በላይ የወቀሰው በዚህ ነው።

በ1841 አየርላንድ ውስጥ አንድ የስራ ቦታ ተከፈተ። የገጠሩን ፖስታ ስራ እየዞረ የሚቆጣጠር ረዳት ነው የሚፈለገው። ማንም አልፈለገውም። አንቶኒ ልሂድ አለ፤ አለቆቹም ተገላገልነው ብለው ላኩት።

እዛ ሌላ ሰው ሆነ። ፈረስ ገዛ፣ ከህዝቡ ጋር ተግባባ፣ ሂሳብ ያጎደለ የፖስታ ቤት ኃላፊን ማጋለጥ ቻለበት። በ1844 ሮዝ ሄዝልቲንን አገባ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱንም የጀመረው እዛው ነው። በ1843 ለስራ በሄደበት ድራምስና በሚባል መንደር ሲንሸራሸር አንድ የፈረሰ ባለርስት ቤት አየ። ማን ይሆን የኖረበት? ምን ሆኖ ፈረሰ? ብሎ ማሰብ ጀመረ፣ ጻፈውም።

ሦስት ጊዜ ወድቆ

አሁን ልብ በሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1847 ታተመ። ያ ወቅት አየርላንድ በድንች በሽታ ምክንያት በታላቁ ረሃብ የምታልቅበት ጊዜ ነበር፤ እንግሊዝ ውስጥ ስለ አየርላንድ ልብ ወለድ ማንበብ የሚፈልግ አልነበረም። አንድ ሳንቲም አላገኘበትም። ሁለተኛው በ1848 ወጣ፤ ከታተሙት 375 ቅጂዎች የተሸጡት 140 ብቻ ናቸው። አሳታሚው ከስሬያለሁ ብሎ ሂሳቡን በደብዳቤ ነገረው፤ መጻፍ ቢተው ይሻለዋል የሚል ምክርም አከለበት። ሦስተኛው በ1850 ወጣ፣ 20 ፓውንድ ተከፈለው፣ እሱም ሳይነበብ ቀረ።

እድሜው 35 ደርሷል። ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ ስራው ከባድ ነው። ማቆም ቢፈልግ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

በ1851 ፖስታ ቤቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ላከው። ስራው በየገጠሩ እየዞረ ደብዳቤ የሚታደልበትን መንገድ መቀየስ ነው። ፖስተኛው በእግሩ በቀን ከ16 ማይል በላይ እንዳይሄድ ደንብ ነበረ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን መንገድ ራሱ በፈረስ ሄዶ ይለካዋል። በቀን 40 ማይል፣ ማለትም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይጋልብ ነበር። በዚሁ ስራ ጀርሲ ወደምትባለው ደሴት ሲሄድ ደግሞ አንድ ሃሳብ አቀረበ። ሰው ደብዳቤ ለመላክ ፖስታ ቤት ድረስ ከሚሄድ፣ ፈረንሳይ ውስጥ እንዳለው መንገድ ዳር የብረት ሳጥን ይተከል አለ። በ1852 ጀርሲ ላይ ተሞከረ፤ ከዛ ወደ መላው ብሪታንያ ተዛመተ። ዛሬ በፊልም የምታዩት የእንግሊዝ መንገድ ዳር የቆመ ቀይ የፖስታ ሳጥን ጅማሬው ይሄ ነው።

በዚሁ ዙረት መሃል በ1852 ክረምት ሶልዝበሪ ከተማ ታላቁ ካቴድራል አጠገብ ሲዘዋወር ሌላ ታሪክ መጣለት። ባርሴትሸር የሚባል የፈጠራ ክፍለ ሀገር አሰበ፣ ቄሶችና ጳጳሳት ስለ ሹመትና ስለ ደመወዝ የሚሻኮቱበት። የዚህ ተከታታይ የመጀመሪያ ክፍል በ1855 ታተመ። በመጀመሪያው ዓመት ያስገኘለት ገንዘብ 10 ፓውንድ እንኳን አልሞላም፤ ግን ሰው አነበበው፣ ስሙ መጠራት ጀመረ።

ባቡር ላይ፣ መርከብ ላይ

ቀጣዩን ክፍል ሲጽፍ ችግር ገጠመው፤ ቀኑ ሁሉ የሚያልቀው ባቡር ውስጥ ነው። በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ያነብ ነበር። ኋላ ግን ጉልበቱ ላይ የሚያስቀምጠው የመጻፊያ ሰሌዳ አሰራና ባቡር ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመረ። አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች አፍጥጠው ሲያዩት መጀመሪያ አፍሮ ነበር፣ ከዛ ለመደው። ቤት ሲገባ ሚስቱ ሮዝ የእርሳሱን ጽሁፍ በቀለም ትገለብጥለታለች። በ1857 የታተመው ዝነኛው የባርቼስተር ልብ ወለድ አብዛኛው እንዲህ ነው የተጻፈው።

በ1858 መጀመሪያ ደግሞ ፖስታ ቤቱ ለድርድር ወደ ግብጽ ላከው። ያኔ የስዊዝ ቦይ ገና አልተቆፈረም። ወደ ህንድና አውስትራሊያ የሚሄደው ፖስታ አሌክሳንድሪያ ላይ ይራገፋል፣ በየብስ ስዊዝ ድረስ ይጓዛል፣ ከዛ በቀይ ባህር ይቀጥላል። እንግሊዞች ይሄ መሃከለኛ ጉዞ በ24 ሰዓት እንዲያልቅ ይፈልጋሉ። የግብጽ መንግስት ተወካይ የነበረው ኑባር ቤይ ግን 48 ሰዓት ይሁን አለ። ትሮሎፕ አልንቀሳቀስም ብሎ ድርቅ አለ፣ በመጨረሻም 24ቱን ሰዓት አስፈረመ።

ግብጽ ሲሄድ ያልጨረሰው ልብ ወለድ ይዞ ነበር። ባህሩ ይናወጣል፣ እሱ ይጽፋል፤ ሲያቅለሸልሸው ተነስቶ ያስመልስና ተመልሶ ይቀመጣል። እዛው ግብጽ እያለ ጨረሰው። ታዲያ ያን ቀን ምን አደረገ መሰላችሁ? ምንም። በማግስቱ ሌላ ልብ ወለድ ጀመረ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

በ1859 ለንደን አጠገብ ዎልታም ክሮስ መኖር ሲጀምር ልማዱ ደንብ ሆነ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጠረጴዛው ጋ መቀመጥ አለበት። ራሱን ስለማያምን አንድ ዘዴ ፈጠረ፤ ባርኒ የተባለውን አየርላንዳዊ ፈረስ ጠባቂውን በዓመት 5 ፓውንድ ጨምሮለት ቀድሞ ተነስቶ ቡና ይዞ እንዲቀሰቅሰው አደረገ። ኋላ ላይ ለስኬቱ ከማንም በላይ ባለውለታው ይሄ ሰው እንደሆነ መስክሯል።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ትናንት የጻፈውን ያነብባል፣ ድምጹን ይሰማል። ከዛ የኪስ ሰዓቱን ፊቱ ያስቀምጣል። በየ15 ደቂቃው 250 ቃል። በሦስት ሰዓት ውስጥ አስር ገጽ ገደማ ይወጣዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብዕሩን አስቀምጦ ለቁርስ ይለብሳል። ከዛ ፖስታ ቤት። የደራሲነቱ ስራ የሚያልቀው ሌላው ሰው ቀኑን ሳይጀምር ነው። ቀሪው ቀን የመስሪያ ቤቱ፣ የወዳጆቹ፣ በጣም የሚወደው የቀበሮ አደን ነበር።

ሌላም ነገር ነበረው፦ ደብተር። አንድ ልብ ወለድ ሲጀምር ደብተሩን በሳምንታት ይከፋፍላል፣ በየቀኑ ስንት ገጽ እንደጻፈ ይመዘግባል። በአማካይ በሳምንት 40 ገጽ ነበር፤ የአንዱ ገጽ ልክ 250 ቃል ነው። ሰነፍ የሆነበት ቀን ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ያ ባዶ ቦታ ደግሞ አይኑን ይወጋዋል። ተቆጣጣሪ አለቃ የሌለው ሰው ስለሆነ ደብተሩን አለቃ አደረገው።

በ1860 ሀብትም መጣ። ኮርንሂል የተባለ አዲስ መጽሔት ልብ ወለዱን በተከታታይ ለማውጣት 1,000 ፓውንድ ከፈለው። የመጀመሪያው እትም ከ100 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። ከ10 ፓውንድ ወደ 1,000 በአምስት ዓመት!

አንድ የሚያስቅ ነገር እንጨምር። በባርሴትሸር ታሪኮች ውስጥ ሚስስ ፕራውዲ የምትባል ባሏን ጳጳሱን እንደ ልጅ የምታዝዝ ሴትዮ አለች። አንድ ቀን ትሮሎፕ ለንደን ክበብ ውስጥ ተቀምጦ ሲጽፍ ሁለት ቄሶች አጠገቡ ሆነው፣ ማን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ይህቺ ሴትዮ ሰለቸችን እያሉ ሲያሟት ሰማ። ተነስቶ ደራሲው እኔ ነኝ፣ ቤቴ ሄጄ እገድላታለሁ አላቸው። ቃሉንም ጠበቀ፤ በመጨረሻው ክፍል ሞተች። እሱ ግን ከዛ በኋላ ዘመኑን ሙሉ ናፈቃት።

የከፈለው ዋጋ

ሁለት ህይወት መያዝ ግን በነጻ አይገኝም። በ1864 የሚመኘው ከፍተኛ ሹመት ፖስታ ቤት ውስጥ ተከፈተ። በአገልግሎትም በልምድም እሱ ይቀድማል፤ የተሾመው ግን ከስሩ የነበረ ሰው ነው። ቁስሉ አልደረቀለትም። በ1867 በ52 ዓመቱ ስራውን ለቀቀ። ጡረታ የሚያገኘው 60 ሲሞላው ስለነበር የ33 ዓመት ጡረታውን ጥሎ ነው የወጣው። በማግስቱ ዓመት ለፓርላማ ተወዳደረ። ቤቨርሊ የምትባለው የምርጫ ክልል በድምጽ ግዢ የታወቀች ነበረች። ከአራት ተወዳዳሪ አራተኛ ወጣ፣ 400 ፓውንዱም ቀለጠ። ቆይቶ ያ ክልል በጉቦ ምክንያት ጭራሽ ተሰረዘ።

መጻፉ ግን ቀጠለ። በ1871 በግ አርቢ የሆነ ልጁን ለማየት ወደ አውስትራሊያ ሲሄድ መርከቡ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ አስገጠመና በስምንት ሳምንት ጉዞ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ጨርሶ ወረደ። በ1875 ደግሞ ብዙዎች ታላቁ ስራው የሚሉት መጽሐፍ ታተመ። በሌለ ባቡር አክሲዮን እየሸጠ ከተማ ሙሉ ስለሚያታልል አንድ ባለሀብት ነው የሚያወራው። ሲወጣ ሰው አልወደደውም። ዛሬ ላይ ስታነቡት ግን ስለኛ ጊዜ አጭበርባሪዎች የተጻፈ ነው የሚመስላችሁ።

በ1882 ህዳር ወር ላይ አንድ ምሽት ከቤተዘመድ ጋር ሆኖ ጮክ ተብሎ የሚነበብ አስቂኝ መጽሐፍ እየሰማ ሲስቅ ስትሮክ መታው። ከወር በኋላ ታህሳስ 6 ቀን በ67 ዓመቱ አረፈ። ጠረጴዛው ላይ ያልተጨረሰ ልብ ወለድ ነበር።

ምስጢሩን ማውጣቱ ጎዳው

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። ትሮሎፕ ከሞትኩ በኋላ ይታተም ብሎ ለልጁ የሰጠው ግለ ታሪክ ነበር። በ1883 ወጣ። ሰዓቱን፣ ደብተሩን፣ 250 ቃሉን፣ ከየመጽሐፉ ያገኘውን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ዘርዝሮ አስቀምጦታል። ድምሩ ወደ 69 ሺህ ፓውንድ ይጠጋል። ደራሲ ከጫማ ሰሪ የተለየ ፍጥረት አይደለም፣ ሁለቱም ቁጭ ብለው መስራት አለባቸው የሚል አቋምም ነበረው።

የዘመኑ የስነ ጽሑፍ ሰዎች ደነገጡ። ጥበብ ከሰማይ የሚወርድ እሳት ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች፣ እሱ እንደ ዳቦ በሚዛን ሲለካው አናደዳቸው። ስሙ ለአስርት ዓመታት ወረደ። ግን አንባቢ የራሱ ፍርድ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች የትሮሎፕን መጽሐፍት እንደገና ማንበብ ጀመሩ። በ1993 ደግሞ ታላላቅ ባለቅኔዎች በሚታሰቡበት ዌስትሚንስተር አቤይ ስሙ በድንጋይ ተቀረጸ።

እኛ ምን እንውሰድ?

ሚዛናዊ እንሁን። ትሮሎፕ ቡና የሚያቀርብለት አሽከር ነበረው፣ ጽሁፉን የምትገለብጥለት ሚስት ነበረችው፤ የሮዝን ድካም የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። 47ቱም ልብ ወለዶቹ እኩል ጥሩ አይደሉም፣ ዛሬ ማንም የማያነሳቸው አሉ። በሰዓት መጻፍ ብቻውን ደራሲ አያደርግም።

ግን አንድ ነገር አስቡ። ለንደን እያለ ጊዜ ነበረው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ገጽ አልጻፈም። ልብ ወለድ የጀመረው አየርላንድ ሄዶ ስራ ሲበዛበት ነው። እንግዲህ የጎደለው ጊዜ አልነበረም ማለት ነው። የጎደለው የተወሰነች ሰዓት፣ የተወሰነች መጠን እና ባዶ ሆኖ ሲታይ የሚያሳፍር ደብተር ነበር። ሦስት መጽሐፍ ሲወድቅበትም ደመወዙ ከረሃብ ጠበቀው። ስራው ጠላቱ ብቻ አልነበረም፤ ሶልዝበሪን ያሳየው፣ ድራምስና ያደረሰው ያው ፖስታ ቤት ነው።

ጠብታ ውሃ ድንጋይ ይበሳል ይባል የለ? በቀን 250 ቃል ማለት በስልክ ሁለት ረዘም ያሉ የቴሌግራም መልዕክቶች ቢሆን ነው። በዓመት ሲደመር 91,250 ቃል ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ማለት ነው።

እስቲ ያቺን ያልተጨረሰች ድርሰት ክፈቷት። መቼ ነበር ለመጨረሻ ጊዜ የነካችኋት? ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትጽፉትስ? ጻፉልን፣ እናነባለን።